ቁጥሩ ምን ይነግረናል? የአንድ ፈተና ታሪክ

አንድ ልጅ ትምህርት አልገባ ሲለው ጉድለቱ የማን ነው? የልጁ፣ የመምህሩ ወይስ የፈተናው? የትምህርት ሥነ ልቦና ባለሙያዎች ከመቶ ዓመት በላይ የተሟገቱት በዚሁ ጥያቄ ነው።

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1882 ትምህርትን ለልጆች ሁሉ ግዴታ አደረገች። ክፍሎቹ ሲሞሉ ከእኩዮቻቸው ጋር መራመድ ያቃታቸው ልጆችም ታዩ። ታዲያ ልዩ እገዛ የሚያስፈልገው ማን እንደሆነ በምን ይታወቅ? መምህሩ «ይሄ ልጅ አይችልም» ስላለ ብቻ? አልፍሬድ ቢኔ ከሐኪሙ ቴዎዶር ሲሞን ጋር ሆኖ በ1905 ሠላሳ ጥያቄዎች ያሉት መለኪያ አዘጋጀ። ቁጥር ሰምቶ መድገም፣ ሥዕል ላይ ያለውን ነገር መጥራት፣ ከሁለት መስመሮች ረጅሙን መለየት የመሳሰሉት ነበሩ። ቢኔ የማሰብ ችሎታ በልምምድ ያድጋል ብሎ ያምን ነበር። ፈተናው እገዛ የሚሹትን እንዲለይ እንጂ ልጅን ለዕድሜ ልክ እንዲፈርጅ አልፈለገም።

መሣሪያው ግን ከሠሪው እጅ ወጣ። ቢኔ በ1911 ሞተ። በ1912 ጀርመናዊው ዊልያም ሽተርን የልጁን የአእምሮ ዕድሜ ለትክክለኛ ዕድሜው ማካፈል ይቻላል አለ፤ አሜሪካዊው ሉዊስ ተርማን በ1916 ውጤቱን በ100 አባዛው። አይኪው የምንለው ቁጥር እንዲህ መጣ። ሌላው አሜሪካዊ ሄንሪ ጎዳርድ ደግሞ በመርከብ ኒው ዮርክ የደረሱ ስደተኞችን በዚሁ ዓይነት ፈተና «አእምሮ ደካማ» እያለ ፈረጀ።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። የአንድን ስፕሪንግ ጥንካሬ ለማወቅ ርዝመቱን ብቻ ብንለካ ምንም አይነግረንም። ክብደት እንሰቅልበትና ምን ያህል እንደተሳበ እናያለን።

ሮማኒያ የተወለደው ሬውቨን ፎየርስታይን ይሄንኑ ሐሳብ ወደ ልጆች አመጣው። በ1950ዎቹ ከሞሮኮና ከጦርነት ከተረፉ የአውሮፓ ቤተሰቦች ወደ እስራኤል የሚሄዱ ልጆችን ሲመረምር ብዙዎቹ ዝቅተኛ ውጤት አመጡ። እሱ ግን እዚያ አላቆመም። መጀመሪያ ፈተነ፣ ቀጥሎ አስተማረ፣ ከዚያ እንደገና ፈተነ። የለካው ለውጡን ነበር። ዘዴው ዳይናሚክ ምዘና ይባላል።

ጉዳዩ ወደ እኛም ይመጣል። በግንቦት 1991 ብቻ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተወሰዱ። ብዙዎቹ ከጎንደር ገጠር የመጡ ናቸው። እዚያ ላደገ ልጅ ወረቀት ላይ የተሣሉ ቅርጾችን ማዛመድ እንግዳ ነገር ነው። ታላቅ ሰው ፊት አንገትን ደፍቶ ዝም ማለትም ጨዋነት ነው፤ ፈታኙ ግን «አያውቅም» ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ልጁ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚማር የሚያውቁት ወላጆቹ ናቸው። ባለሙያው እነሱን በቋንቋቸው ካልጠየቀ ግማሹን መረጃ ሳይይዝ ነው የሚፈርደው።

ዴቪድ ጹሪኤልና ካውፍማን በ1999 ባሳተሙት ጥናት ከኢትዮጵያ የሄዱ የአንደኛ ክፍል ልጆች መጀመሪያ ላይ እስራኤል ከተወለዱት ዝቅ ያለ ውጤት ነበራቸው። አጭር ትምህርት ከተሰጣቸው በኋላ ግን ልዩነቱ በጣም ጠበበ። አስቡት፦ የመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ቢወሰድ ኖሮ እነዚህ ልጆች ወደ ልዩ ክፍል ሊላኩ ይችሉ ነበር።

ስለዚህ የሆነ ልጅ ውጤት ስታዩ «ስንት አመጣ?» ብላችሁ አታቁሙ። «ቢታገዝስ ስንት ያመጣል?» ብላችሁ ጨምሩበት።