ጭላዳን ያየውና ጭላዳን የመዘገበው



ከንፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር የተጓዘ ሁሉ ጉናን ያውቃል። ቀን ሣር ሲነቅል ውሎ ማታ ገደል የሚያድረውን ጭላዳንም የደጋ እረኛ ከልጅነቱ ያውቀዋል። ለሳይንስ ግን ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1835። በ1960ዎቹ ጆን ክሩክ፣ በ1970ዎቹ ሮቢን ደንባር ስሜን ወጥተው ጠባዩን አጠኑ። ደንባር ጭላዶችን አንድ በአንድ ለይቶ ማን ከማን ጋር እንደሚውል፣ ማን ማንን እንደሚቀምል መዘገበ። በኋላ ስለ ሰው ልጅ ማኅበራዊ ኑሮ ያቀረበውና በ150 ቁጥር የታወቀው ሐሳብም ከዚሁ ዓይነት ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው።

እረኛው ቀድሞ አይቷል፤ ሙያ የሆነው ግን የተመዘገበው ነው። ዘላለም ተፈራ በመንዝ ጓሳ ቀይ ቀበሮንና የሕዝቡን የግጦሽ ሥርዓት አጥንተው ለዶክትሬት መብቃታቸው መንገዱ ለእኛም ክፍት መሆኑን ያሳያል።

ስለዚህ በእንስሳት ጠባይ ጥናት ሙያ የምትሹ ተማሪዎች፣ ከሥነ ሕይወት ትምህርታችሁ ጎን አንድ መንጋ ምረጡ፤ ክረምት ከበጋ በተወሰነ ሰዓት ተመልከቱ፤ ያያችሁትን እንጂ የገመታችሁትን አትጻፉ። የጉና ሣር በእርሻና በግጦሽ እየጠበበ ስለሆነ ሥራው ለነገ የሚባል አይደለም።