የአቴና አጎራ ቁፋሮ፤ ስለ ከተማ ንብርብሮችና ስለ ቈፋሪው ኀላፊነት

ሐዋርያው ጳውሎስ በአቴና በቈየበት ጊዜ በየቀኑ በገበያ ከሚያገኛቸው ሰዎች ጋር ይነጋገር እንደ ነበር የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 17 ይተርካል። ይህን ገበያ ግሪኮች አጎራ ይሉታል። አጎራ ግን ሸቀጥ የሚሸጥበት ሜዳ ብቻ አልነበረም፤ የሸንጎ አማካሪዎች የሚሰበሰቡበት፣ ዳኝነት የሚታይበት፣ ፈላስፎችም የሚከራከሩበት አደባባይ ነበር። ይሁን እንጂ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ይህን ስፍራ ለማየት ወደ አቴና የሄደ ሰው የሚያገኘው ቭሪሳኪ የተባለውን፣ ቤቶቹ ተጠጋግተው የተሠሩበትንና ሕዝብ የሞላበትን ሰፈር ነበር። የጥንቱ አደባባይ ከቤቶቹ ወለል በታች ተቀብሮ ይገኝ ነበር።

አንድ ከተማ እንዴት ከመሬት በታች ይውላል ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከቤቶቹ አሠራር ያገኘዋል። የጥንት ግሪኮች ቤት መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው በፀሐይ የደረቀ የጭቃ ጡብ ነበር። ቤቱ በእሳት ወይም በእርጅና በፈረሰ ጊዜ ባለቤቱ ፍርስራሹን ከቦታው አያነሣውም፤ ደልድሎ በላዩ ሌላ ይሠራበታል። ከኰረብታው የሚወርደው ጎርፍም አፈር ይጨምርበታል። በዚህ ዓይነት እያንዳንዱ ትውልድ በቀደመው ትውልድ ፍራሽ ላይ ስለሚኖር መሬቱ ከፍ እያለ ይሄዳል።

ከንብርብሮቹ መካከል ጎልቶ የሚታየው አንዱ የጦርነት ምልክት ነው። የፋርስ ንጉሥ ጭፍሮች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 እና በ479 ዓመት አቴናን ያዙ፤ አቃጠሉም። ሕዝቡ ተመልሶ ከተማውን ባጸዳ ጊዜ የተሰበረውን ማድጋ፣ ገንቦና ጽዋ፣ ከጡብ ስብርባሪ ጋር በየግቢው ወዳሉት የውሃ ጕድጓዶች ጣለው። ለቤቱ ባለቤት ጥራጊ የነበረው ነገር ለታሪክ መርማሪ ትልቅ ማስረጃ ሆኗል፤ የጥፋቱ ዓመት የታወቀ ስለ ሆነ በጕድጓዶቹ የተገኙት ሸክላዎች የሌሎቹን ዘመን ለመለካት ያገለግላሉ።

ሌላው ንብርብር ጦርነት ሳይሆን የሥልጣን ለውጥ የጻፈው ነው። በአውግስጦስ ቄሣር ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 15 ዓመት ገደማ፣ የቄሣሩ አማች ማርቆስ አግሪጳ ሕዝብ ይሰበሰብበት በነበረው ባዶ ሜዳ መካከል ታላቅ የሙዚቃ አዳራሽ አሠራ። በዚያው ዘመን ከገጠር አንድ የአምስተኛው ምዕተ ዓመት ቤተ ጣዖት ድንጋዩ እየተቈጠረ ተነሥቶ በአጎራ ተተከለ። ግንበኞቹ እያንዳንዱን ድንጋይ በቦታው ለመመለስ የቀረጹት ፊደል ዛሬም ይታያል፤ የፊደሉ ቅርጽ ግን ከሕንፃው ዕድሜ ጋር አይስማማም፤ የሮማውያን ዘመን ነው። ሕዝብ መንግሥቱን ይመክርበት የነበረው ሜዳ በሐውልትና በአዳራሽ መሞላቱ፣ ሥልጣን ከሕዝቡ እጅ መውጣቱን ያለ ቃል ይናገራል።

በ267 ዓ.ም. ሄሩሊ የተባሉ ወራሪዎች ከሰሜን መጥተው ከተማውን አጠፉ። የተረፉት ሰዎች የፈረሱትን ሕንፃዎች ድንጋይ፣ ዓምድና የተጻፈበት ሰሌዳ ሳይለዩ ለቅጥር ሠሩበት፤ ከአጎራም አብዛኛው ከቅጥሩ ውጭ ቀረ። የጴርጋሞን ንጉሥ ዳግማዊ አታሎስ ለከተማው የሰጠው ባለ ዓምድ ሰቀላ በዚህ ቅጥር ውስጥ ስለ ገባ ከፊሉ እስከ ጣሪያው ቆሞ ቀረ። ከ1953 እስከ 1956 ድረስ ሕንፃውን ዳግመኛ አቁመው ቤተ መዘክር ለማድረግ የቻሉትም በዚህ የተነሣ ነው።

ይህ ሁሉ የታወቀው በአቴና የሚገኘው የአሜሪካ የጥንታዊ ጥናት ትምህርት ቤት በ1931 በጀመረው ቁፋሮ ነው። ስፍራው በክፍል ተከፍሎ እያንዳንዱ ክፍል በግሪክ ፊደል ተሰየመ፤ የክፍሉ ኀላፊም የሚወጣውን ዕቃ ሁሉ ከየት ንብርብር እንደ ተገኘ በመዝገቡ ይጽፍ ነበር። የዚህ ጥንቃቄ ምክንያት ግልጽ ነው። በአንድ ንብርብር ከተገኙት ገንዘቦችና ሸክላዎች ከሁሉ በኋላ የተሠራው፣ ያ አፈር ከእርሱ ዘመን አስቀድሞ ሊከመር እንዳልቻለ ያስረዳል። ዕቃው ከአፈሩ ተለይቶ ሳይጻፍ ከተወሰደ ግን ውበቱ ይቀራል እንጂ ምስክርነቱ ይጠፋል።

እዚህ ላይ የሥራው ታላቅ ችግር ይገለጣል። መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ገጹን ገልጦ ሊመለስበት ይችላል፤ ቈፋሪ ግን የታችኛውን ገጽ ለማንበብ የላይኛውን ማጥፋት አለበት። በአጎራም የመጀመሪያው የጠፋው ገጽ ሕያው ነበር። በ12 ሄክታር ያህል ስፍራ ላይ የነበሩ ወደ 400 የሚጠጉ ሕንፃዎች፣ ባለንብረቶች ቢቃወሙም፣ በሕግ እየተገመቱ ተገዝተው ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ሌላ ሰፈር ተበተኑ። መርማሪዎቹ ከመፍረሳቸው አስቀድሞ ቤቶቹን ፎቶግራፍ ማንሣታቸው ሊመሰገን ይገባዋል፤ የቭሪሳኪም መልክ ዛሬ የሚታወቀው በእነዚህ ሥዕሎች ነው። በዐሥረኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ የተሠራችው የቅዱሳን ሐዋርያት ቤተ ክርስቲያን ከጥፋት ተረፈች፤ እርስዋም ከ1954 እስከ 1956 በታደሰች ጊዜ የ19ኛው ምዕተ ዓመት ጭማሪዋ ተነሥቶላት ወደ ጥንቱ መልክዋ ተመለሰች። እንግዲህ የቱ ዘመን እንዲኖር፣ የቱ እንዲወገድ የወሰነው አፈሩ ሳይሆን የሰው ምርጫ ነበር።

በኋላ ዘመን አሠራሩ እየተለወጠ ሄደ። ከባቡር ሐዲዱ በስተ ሰሜን በተደረገው ቁፋሮ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የኢስጦኢኮች ፈላስፎች ስማቸውን ያገኙበት ባለ ሥዕሉ ሰቀላ ተገኘ፤ በዚያው አካባቢ በላዩ የነበሩት የቢዛንታይን ዘመን ቤቶችም እንደ መሰናክል ሳይሆን እንደ ታሪክ ተቈጥረው ተጠንተዋል። ይህም ተገቢ ነው። የጳውሎስን አድማጮች ለማወቅ የሚደክም ሊቅ፣ ከእነርሱ በኋላ በዚያው መሬት ላይ እሳት አንድደው፣ ልጅ አሳድገው የኖሩትን ሊንቅ አይገባውም። የላይኛውን ንብርብር ማንሣት ግድ በሆነበት ጊዜ፣ የቈፋሪው ዕዳ የሚያጠፋውን ያህል መጻፍ ነው፤ ሳይጻፍ የተነሣውን አፈር ዳግመኛ የሚያነበው ማንም የለምና።