ዚራም፦ ስልካችሁ ራም ሲያጥረው የሚያደርገው

ሆሳዕናም ሆነ ዱራሜ ስልክ ስትጠይቁ «ራሙ 8 ጊጋ ነው» ትባሉ ይሆናል፤ ካርቶኑን ስታዩት ግን 4+4 ይላል። ሁለተኛው 4 አብዛኛውን ጊዜ ከስቶሬጁ የተወሰደ ቦታ ነው፤ ከእውነተኛው ራም በጣም ይዘገያል። በ8 ጊጋ ዋጋ እንዳትገዙት።

ዚራም ሌላ ነው። አንድሮይድ የተሠራው በሊኑክስ ላይ ነው፤ ራም ሲጣበብ ሊኑክስ ለጊዜው የማትነኩትን አፕ ዳታ ጨምቆ እዚያው ራም ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ስትመለሱ ይፈታዋል። ብዙ ጊዜ 2 ጊጋው 1 ጊጋ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ቴሌግራም ከዜሮ አይጀምርም። ፕሮሰሰሩ ግን ትንሽ ይደክማል።

አንድሮይድ ከ4.4 (በፈረንጆቹ 2013) ጀምሮ ይደግፈዋል፤ ብዙ ስልክ ላይ ሳትነኩት በርቶ ነው የሚመጣው። ላፕቶፕ ላይ ፌዶራ የምትጠቀሙም ከ33ኛው ቨርዥን ወዲህ አላችሁ።