በሮኬት ታንኮች ውስጥ ግፊትን የሚጠብቀው ጋዝ አከመቻቸትና አቅርቦት
በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ ሮኬት ነዳጁንና ፈሳሽ ኦክስጅኑን ወደ ሞተሩ ሲልክ ታንኮቹ ይጎድላሉ። የጎደለው ቦታ በጋዝ ካልተተካ ፓምፖቹ ፈሳሹን በአግባቡ አያገኙም፤ ስሱ የታንክ ግድግዳም ወደ ውስጥ ሊጨማደድ ይችላል። ለዚህ አገልግሎት በብዛት የሚመረጠው ሂሊየም ነው፤ ክብደቱ ቀላል ከመሆኑም በላይ ከነዳጁ ጋር አይዋሃድም፤ ኦክስጅን ፈሳሽ በሚሆንበት ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ ሴንቲግሬድም ጋዝ እንደሆነ ይቆያል።

ሂሊየሙ ከከባቢ አየር በመቶዎች እጥፍ በሚበልጥ ግፊት በሲሊንደሮች ታምቆ ይቀመጣል፤ ከዚያም በቫልቮች እየተመጠነ ወደ ታንኮቹ ይገባል። አስቸጋሪው ሥራ ማከማቸቱ ነው። በፋልከን 9 ሮኬት ውስጣቸው አሉሚኒየም፣ ውጫቸው የካርቦን ቃጫ የሆኑት ሲሊንደሮች የሚገኙት በፈሳሽ ኦክስጅኑ ታንክ ውስጥ ነው፤ የቀዘቀዘ ጋዝ ጥቂት ቦታ ይበቃዋልና።

ይህ ቦታ ቆጣቢ አሠራር ነሐሴ 26 ቀን 2008 ዓ.ም. በፍሎሪዳ፣ ኬፕ ካናቬራል ለአደጋ ምክንያት ሆኗል። ሮኬቱ ነዳጅ በመሙላት ላይ ሳለ ፈንድቶ አሞስ 6 የተባለው የእስራኤል ሳተላይት ወድሟል፤ በሰው ላይ ግን ጉዳት አልደረሰም። በምርመራው መሠረት የአንድ ሲሊንደር መፈንዳት መነሻው በአሉሚኒየሙና በካርቦን ቃጫው መካከል የተጠራቀመ ኦክስጅን መቀጣጠሉ ሳይሆን አይቀርም። የሂሊየሙ ከልክ ያለፈ ቅዝቃዜ ኦክስጅኑን ወደ ጠጣርነት ሊለውጠው ይችል ስለነበር፣ ኩባንያው ሂሊየሙን ሞቅ አድርጎ ወደ መሙላት ተሸጋግሯል፤ የሲሊንደሮቹንም ንድፍ አሻሽሏል።