ማል ጄዼ?

እንግዲህ ስሙኝ። ጭሮን፣ ያኔ አሰበ ተፈሪ የተባለችውን፣ የቆረቆሯት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። (ስሟ ራሱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ያውም ግሱን ያስቀደመ።) ሰውየው አውራጃውን፣ ጨርጨርን፣ ከመግዛታቸው በፊት ምን ሠርተው ነበር መሰላችሁ? የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት፣ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን። አውሬን በሰው አፍ ቢያናግሩት መኳንንቱ የራሳቸውን ድምፅ ሰሙበት መሰለኝ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ።

የኔ ነገር ግን ስለ ሌላ ድምፅ ነው። ስለ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ።

ወጋየሁ ቴአትርን ሃንጋሪ ድረስ ሄዶ ተምሯል፤ ደበበ እሸቱም እንዲሁ። ደበበን የፊልም ካሜራ ወሰደው፤ በ1965 ዓ.ም. ከሪቻርድ ራውንድትሪ ጋር በ«ሻፍት በአፍሪካ» ታየ፤ ካረጀም በኋላ በ2006 ዓ.ም. «ቀያይ ቅጠሎች» በተባለው የእስራኤል ፊልም መሪ ተዋናይ ሆነ። ወጋየሁ መድረኩን የያዘ ሰው ነበር። እኛ ግን ጭሮ ተቀምጠን መድረኩን የት አባታችን እናየዋለን? ለኛ ወጋየሁ ማለት የአጎቴ ሬዲዮ ነበር።

ጃፓን ውስጥ በድምፁ ብቻ የሚተውን ሰው «ሴዩ» ይባላል፤ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ አድናቂ እንደ ፊልም ተዋናይ ይከተለዋል። እኛ ስም ሳናወጣለት አንዱን ሰው በሬዲዮ፣ በ«ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት፣ ሰማነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለድ ሲተርክ ፊታውራሪ መሸሻ ላይ ድምፁ ይኮፈሳል፤ ጉዱ ካሳ ሲመጣ ይሳላል። ሰብለ ወንጌል ዘንድ ሲደርስ ድምፁን አያቀጥንም፣ ዝቅ ያደርገዋል እንጂ። እኔን የገደለኝ ይሄ ነው። የሴት ድምፅ አስመስላለሁ ብሎ የሚያንጫርር ስንት ተዋናይ አለ!

ታዲያ አጎቴ ሱቅ ውስጥ ጎረቤታችን አዴ የሆጃ ሲኒያቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። አማርኛው አይገባቸውም። ወጋየሁ ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር «ማል ጄዼ?» ይላሉ። ምን አለ? አጎቴ ቶሎ ብሎ በኦሮምኛ ይመልስላቸዋል፤ መጀመሪያ እንዲሁ በደረቁ፣ ኋላ ግን እሱም ለፊታውራሪው ይኮፈስ፣ ለጉዱ ካሳ ይሳል ጀመር። የጎጃም መኳንንት በሐረርጌ ኦሮምኛ ሲኩራሩ አስቡት! ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ቱርኮቹን በአማርኛ ሲያናግር ከተማው ሁሉ ተገረመ፤ እኔ ግን ዱብ የሚሉትን ነገር አጎቴ ሱቅ አይቼው ነበር።

አንድ ማታ የሬዲዮው ባትሪ ድንጋይ ደከመ። አጎቴ ቀን ፀሐይ ላይ ማስጣቱን ረስቶት ኖሮ፣ ጉዱ ካሳ መናገር እንደ ጀመረ ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። ሬዲዮውን መታው፣ ድንጋዮቹን አውጥቶ አሻሸ፤ ምንም። አዴ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ማል ጄዼ?»

አጎቴ ዞር ብሎ አያቸው፤ ጉሮሮውን ጠረገና ቀጠለ።