የተጣበቀ ጠመንጃና የመጣበት ባሕር

የማኅበራችን የኢዮቤልዩ መጽሔት አዘጋጆች ይህ ወደብ ከአገራችን ጋር ስላለው የቆየ ግንኙነት አንድ ነገር እንድንጽፍ ሲጠይቁን፣ ስለ ቡናውም ስለ ባቡሩም ብዙ ስለተባለ እኛ ጠመንጃን መረጥን። ለዓመት በዓል አገር ቤት ደርሰው የሚመለሱ ቤተሰቦች ወደ ሱቃችን ጎራ ሲሉ «የአያታችን ባለ ሁለት አፈሙዝ ተጣብቆ አልከፈት አለ፤ ምን ዘይት ይሻለዋል?» ማለታቸው የተለመደ ነው። የዘይቱ ነገር ከታሪኩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከታሪኩ እንጀምር።

ከፕላቶ ዱ ሰርፓን ወደ ሰሜን ስንመለከት ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ታጁራ አለች። ጅቡቲ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1888 ከመቆርቆሯ በፊት ለሸዋ የሚላክ መሣሪያ በግመል ይጫን ከነበረባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። ግጥሙን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርቱር ሬምቦ በ1885 መጨረሻ ታጁራ የደረሰው ለንጉሥ ምኒልክ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ ይዞ ለመውጣት ነበር። ጠመንጃዎቹ በካፕሱል የሚተኮሱ፣ አውሮፓ ከጣላቸው ብዙ ዘመን የሆናቸው አሮጌዎች ነበሩ። እሱ ራሱ ለቤተሰቡ እንደጻፈው በቤልጅግ ከተማ በሊዬዥ ከ7 እስከ 8 ፍራንክ ይገዛሉ፤ ሸዋ ላይ 40 ፍራንክ ይሸጣሉ። ትርፉ ያስጎመጃል! ነገር ግን የመንገድን ወጪ የሚያውቅ ነጋዴ ቶሎ አይጎመጅም። ሬምቦ ታጁራ ላይ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ተቀመጠ። የፈረንሳይ መንግሥት መሣሪያ እንዳይገባ ከለከለ፣ ሸሪኩ ላባቱ ሞተ። በጥቅምት 1886 ተነሥቶ በየካቲት 1887 አንኮበር ሲደርስ ንጉሡን አላገኛቸውም፤ ሒሳቡ ያለቀው እንጦጦ ላይ ነው። የሟቹ ሸሪክ አበዳሪዎች ተሰብስበው ጠበቁትና በመጨረሻ ከስሮ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የተሻለ ነበር። በ1874 የወጣውን የፈረንሳይ ጠመንጃ ፈረንሳዮች «ፉዚል ግራ» ይሉታል፤ የኛ ሰው ውጅግራ አለው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከዘመቱት መሣሪያዎች አንዱ ይኸው ነው። የባቡሩ ሥራ ከጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። የአደኑም ባለ ሁለት አፈሙዝ በየመኳንንቱና በየባለርስቱ ቤት ገብቶ ከግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ዛሬ የተጣበቀው እሱ ነው።

እንግዲህ ለምን ይጣበቃል? የዚህ ዓይነቱ ጠመንጃ ከመካከሉ የሚታጠፍ ነው። ከአፈሙዞቹ ሥር ያለውን ጉጥ አንድ ብረት ይይዘዋል፤ ከላይ ወይም ከሥር ያለው መክፈቻ ሲዞር ያ ብረት ይለቃል። የድሮው ጥቁር ባሩድ ጥቀርሻ እርጥበት ይስባል፤ ሳይጠረግ ከቆየ ብረቱን ይበላዋል። የባሕር አየር ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ለጅቡቲ ነዋሪ አይነገርም፤ የሱቃችንን የብረት መዝጊያ ማየት ይበቃል። ከዝገት በላይ የሚያስቸግረው ግን የተቀባው ዘይት ራሱ ነው፤ ለዓመታት ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይሆናል።

ሦስተኛ ምክንያት አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። በአንዳንድ አሮጌ ጠመንጃዎች መቺው ከመታ በኋላ ወደ ኋላ አይመለስም። መርፌው የጥይቱ ካፕሱል ውስጥ እንደተቀረቀረ ስለሚቀር ጠመንጃው አይታጠፍም። ይህ ማለት ውስጡ ቀለሃ፣ ምናልባትም ያልተተኮሰ ጥይት አለ ማለት ነው። ስለዚህ የተጣበቀ ጠመንጃ ሁሉ ጎራሽ ነው ተብሎ ይያዝ፤ አፈሙዙ ወደ ሰው አይዙር፣ መቺውም አይነካ። ባዶ መሆኑ ካልታወቀ ለባለሙያ መስጠት ነው።

ባዶነቱ የተረጋገጠ ከሆነ መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው። ቀጭን የማሽን ዘይት ከነጭ ጋዝ ጋር ቀላቅሎ በመታጠፊያውና በመክፈቻው ሥር ጠብ ጠብ ማድረግ፣ ዘይቱ ወደ ሰደፉ ወርዶ እንጨቱን እንዳያበሰብስ አፈሙዙን ወደ ታች አድርጎ ማሳደር፣ በማግስቱም መድገም። በጉልበት ላይ አድርጎ መስበር፣ መክፈቻውን በመዶሻ መምታት ጨርሶ አይደረግም። ያ መክፈቻ ከተሰበረ ምትኩን የሚሸጥ ሱቅ የለም፤ እኛም የለንም። የድሮ ቪቴዎች ጎድጓዳቸው ጠባብ ስለሆነ የገበያ ካቻቪቴ ይበላቸዋል፤ ጫፉ ተሞርዶ ልክ መግባት አለበት። ውስጡ ያለው ሞላም ጠፍጣፋና የታጠፈ ነው፤ ያላወቀ ከነካው ይሰብረዋል።

ተከፈተ ብሎ ግን መተኮስ አይገባም። አፈሙዙ ላይ እንደ ውኃ ሞገድ ያለ መልክ ከታየ ብረቱ ተጠማዞ የተበየደ ነው፤ የዛሬን ጥይት ኃይል ላይችለው ይችላል። ወረቀቱንም አትርሱ፤ አገር ቤት በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ድንበር ማሻገርማ የማይታሰብ ነው።

ይልቅ ተከፍቶ ሲጸዳ የአፈሙዙን ሥር እዩት። በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ «ኢ ኤል ጂ» የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ካሉበት የሊዬዥ ፍተሻ ማኅተም ነው። ከላዩ ዘውድ ካለው ከ1893 ወዲህ የተፈተሸ ነው። ዘውድ ከሌለው ከዚያ በፊት የተሠራ ነው፤ ምናልባት ባቡር ሳይኖር በግመል የወጣ ሊሆን ይችላልና፣ አያታችሁ ከማን እንደገዙት የሚያስታውስ ሽማግሌ ካለ በዚህ በዓል ሄዳችሁ ጠይቁልን።