ዶሮዋ ከቆጥ የወረደችበት ታሪክ

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ስለ ዶሮ ነው የምጽፈው። «መምህር ታሪክ አልቆበት ዶሮ ውስጥ ገባ» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ግን ክፍል ውስጥ የምናስተምረው ታሪክ ማን መቼ ነገሠ፣ ጦርነቱ የት ተደረገ የሚለው ላይ ይበዛል። የደብረ ሲና ወይም የሸዋ ሮቢት እናት ለልጇ ደብተርና እስክሪብቶ የምትገዛበትን ብር ከየት ታመጣለች ብሎ የሚጠይቅ ምዕራፍ የለንም። መልሱ ብዙ ጊዜ እንቁላል ነው። የእንቁላሉን ታሪክ ደግሞ ሸለምጥማጥን ሳያነሱ መጻፍ አይቻልም።

ከሥሩ እንነሳ። ዶሮ በዘሯ የእኛ አገር ፍጥረት አይደለችም። ቅድመ አያቷ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ የሚኖረው ቀይ የዱር ዶሮ ነው። ወደ እኛ የደረሰችው ግን ብዙ ሰው ከሚገምተው እጅግ ቀድማ ነው። ትግራይ ውስጥ መዝበር በሚባል፣ ከአክሱም መንግሥት በፊት በነበረ መንደር ቁፋሮ ሲካሄድ ከ2500 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የዶሮ አጥንት ተገኝቷል። ሔሊና ወልደኪሮስና ካትሪን ዲአንድሪያ የተባሉ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ጥናቱን በ2016 እ.ኤ.አ. አሳትመውታል። በአፍሪካ ከተገኙት ቀደምት የዶሮ አጥንቶች መካከል ነው። ግዕዙ «ዶርሆ»፣ ትግርኛው «ደርሆ»፣ እኛ «ዶሮ» የምንላት እንግዳ፣ እንግድነቷ ካበቃ ሺህ ዓመታት አልፈዋል ማለት ነው።

ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን የት አደረች? ከእኛው ጋር፣ ቆጥ ላይ። የዛሬ የከተማ ልጆች ቆጥን በተረት ነው የምታውቁት መሰለኝ። ከጣሪያው ሥር፣ ከግድግዳ ግድግዳ የሚጋደም እንጨት ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዶሮዎቹ ማንም ሳይጠራቸው ገብተው ይሰፍራሉ። ከሥር ምድጃ አለ፣ ጢሱ ወደ ላይ ይወጣል። እዚህ ላይ አንድ የሚገርመኝ ነገር ልንገራችሁ። ኮሉሜላ የሚባል የሮማ የግብርና ጸሐፊ በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ዶሮ ቤት ሲመክር፣ ከተቻለ ከወጥ ቤት ወይም ከምድጃ ጋር ይያያዝ፣ ጢሱ ለዶሮዎች ጤና ይበጃል ይላል። የእኛ እናቶች ኮሉሜላን አላነበቡም። እሱም የእኛን ጎጆ አላየም። ዶሮዋ ግን ሁለቱንም ቦታ ወደ አንድ መፍትሔ መርታቸዋለች።

የቆጡ ዋና ሥራ ግን ሙቀት አይደለም፤ አዳኝ ነው። ዶሮ ሲመሽ ዳፍንታም ናት፣ አታይም። መሬት ላይ ያገኛት ሁሉ ይበላታል። ስለዚህ ከፍ ማለት አለባት፣ ያለችበት በር መዘጋት አለበት፣ በሩ አጠገብ ሰውና ውሻ መኖር አለበት። የገበሬው ቤት ይህን ሦስቱን ያለ ምንም ተጨማሪ ወጪ ይሰጣታል።

አካባቢያችንን አስቡት። ጣሊያን በወረራው ዘመን በቦረቦረው የጣርማ በር ዋሻ አልፋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ደብረ ሲና ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በጭጋግ ተሸፍና ታገኟታላችሁ። አርባ ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ መንገድ ሸዋ ሮቢት ትደርሳላችሁ፣ 1300 ሜትር አካባቢ፣ ሙቀት፣ ማንጎና ማሾ። በዚህ አጭር መንገድ ላይ የዶሮ ጠላት ዓይነቱ ይለዋወጣል። ላይ የወፍ ዋሻ ደን ቅርብ ስለሆነ ሸለምጥማጡና ጥርኙ አይጠፋም። ታች ይፋት ስትወርዱ ጭልፊቱ ይበዛል፣ ፋሮው በጠራራ ፀሐይ ከቁጥቋጦ ይወጣል፣ ወንዝ ዳር አርጃኖ እንቁላል ይለቅማል። (በነገራችን ላይ በጓሳ በኩል ያለውን ቀይ ቀበሮ በዶሮ ሌብነት የምትከሱት ተዉት። እሱ የሚኖረው አይጥ እየበላ ነው።)

ሸለምጥማጥን ለብቻው ላንሳው፣ ይገባዋል። ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ ተጓዥ በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. አገራችንን ዞሮ ሲመለስ አንዱን የሸለምጥማጥ ዝርያ በአበሻ ስም ለሳይንስ አስመዝግቦታል። ዘመዶቹ ሁሉ ቀጭን ናቸው፣ ግድግዳ ይወጣሉ፣ ጭንቅላታቸው ባለፈበት ቀዳዳ ገላቸው ያልፋል። ክፋቱ ደግሞ አንድ ዶሮ ወስዶ አለመሄዱ ነው። ሰው «ደም አሰክሮት ነው» ይላል። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ጫካ ውስጥ አንዷን ሲይዝ ሌሎቹ ይበተናሉ። የተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን መሸሻ የለም፣ ዶሮዎቹ በጨለማ ይንደፋደፋሉ፣ እያንዳንዱ መንደፋደፍ ደግሞ እንደገና እንዲነክስ ይቀሰቅሰዋል። ጠዋት በር ሲከፈት አንዷ ብቻ ተበልታ ሌሎቹ ተነክሰው ተዘርረው ይገኛሉ።

እንግዲህ ወደ ዘመናችን ስንመጣ ሁለት ነገር ሆነ።

አንደኛው፣ በ1995 ዓ.ም. አካባቢ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። እንስሳና ሰው ቤት ይለያይ የሚለው ትምህርት በየቀበሌው ተሰጠ። ትክክል ነው፤ እኔም ለተማሪዎቼ ይህንኑ እላለሁ። ኩሱ፣ ቁንጫው፣ የሕፃናቱ ተቅማጥ ቀልድ አይደለም። ግን ታሪክን በታሪክነቱ ስናየው ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ሺህ ዓመታት ከሰው ጋር ያደረች እንስሳ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ «ውጪ» ተባለች። ላሟ በረት ነበራት። ዶሮዋ ምንም አልነበራትም። በብዙ ግቢ የተሠራላት ጓሮ ላይ የተለጠፈች፣ ወለሏ አፈር፣ በሯ የተቀዳደደ ቆርቆሮ የሆነች ጎጆ ናት። ቆጥ የሌለው፣ ውሻ የማይሰማው፣ ሸለምጥማጥ የሚገባበት ክፍል! ለእሱ ከዚህ የተሻለ ምን ሊሠራለት ይችላል?

ሁለተኛው የዝርያው ጉዳይ ነው። ነጭ ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ ወደ አገራችን የገቡት በንጉሡ ዘመን፣ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በእነ ጅማና ዓለማያ የግብርና ትምህርት ቤቶች በኩል ነው። አሁን ቦቫንስ ብራውን፣ ሳሶ፣ ኮይኮክ እንላለን። ኅዳር 2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ሲጀመርም ዶሮ ከወተት፣ ከማርና ከዓሣ እኩል ስሟ ተጠርቷል። የአገሯ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል፣ የተሻሻለችው ብዙ እጥፍ ትጥላለች። ችግሩ፣ እነዚህ በማሽን የተፈለፈሉ ናቸው፤ እናት አላሳደገቻቸውም። የሐበሻዋ ዶሮ ጭልፊት ከላይ ሲያንዣብብ የምታሰማው ድምፅና ፋሮ ከመሬት ሲመጣ የምታሰማው ድምፅ ይለያያል። ጫጩቶቿም ለእያንዳንዱ የሚሰጡት ምላሽ ይለያያል። የ45 ቀን ጫጩት በካርቶን ገዝታችሁ ስታመጡ ያ ትምህርት አብሮ በካርቶኑ አልተጫነም።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ቤታቸው ባዶ የቀረባቸው ሰዎች አሉ። በሬ ለመተካት ዓመታት ይፈጃል። እኔ የማውቃቸው ቤተሰቦች ኑሮን እንደገና የጀመሩት በጥቂት ዶሮ ነው። ከእነሱ አንዷ የቀድሞ ተማሪዬ እናት ናቸው። ተበድረው ሃያ ቄብ ዶሮ ገዙ። እንቁላል ሊጀምሩ ሳምንታት ሲቀራቸው በአንድ ሌሊት አሥራ አራቱ አለቁ። ልጁ በሩን አሳየኝ፤ ከታች በኩል እጄ የሚያልፍበት ክፍተት ነበረው። ብድሩ ግን አልሞተም።

ስለ ተንቀሳቃሽ የዶሮ ቤት ማንበብና መሥራት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ወለል የሌለው፣ ጎኑና ጣሪያው ሽቦ የሆነ ዝቅ ያለ ሳጥን ነው፤ በየጠዋቱ ወደ አዲስ ሣር ይገፋል። አሜሪካ ውስጥ አንዲ ሊ የሚባል ሰው በ1994 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ሲጽፍበት «የዶሮ ትራክተር» ብሎታል፣ ዶሮዎቹ መሬቱን ይጭራሉ፣ አረሙን ይለቅማሉ፣ ኩሳቸውን ትተው ያልፋሉና። ለእኛ ሐሳቡ ባዕድ አይደለም። በወለጋ በኩል ገበሬው የከብት በረቱን ከቦታ ቦታ እያዛወረ መሬቱን በፍግ ያዳብራል። ለዶሮም ቢሆን፣ እናቶቻችን ጫጩት በቅርጫት ደፍተው ፀሐይ ወዳለበት ሲያዞሩ፣ እናትየዋን በእግሯ አስረው ሲያቆዩ አላያችሁም? ያ ቅርጫት ምንድን ነው ታዲያ?

ሽቦውን ግን አትመኑት። «የዶሮ ሽቦ» የምንለው ባለ ስድስት ጎኑ ወንፊት በ1844 እ.ኤ.አ. ኖርዊች፣ እንግሊዝ ውስጥ ቻርልስ ባርናርድ የሠራው ነው፣ ከጨርቅ ሽመና ማሽን አሠራር ወስዶ። ዶሮ እንዳትወጣ ይከለክላል። ጭልፊትንም ይመልሳል። ሰፊ ቀዳዳ ያለው ሲሆን ግን ሸለምጥማጥ እጁን አስገብቶ የተኛችውን ይጎትታል፣ ውሻም ይቀደዋል። ስለዚህ ይህ ሳጥን የቀን ቤት ነው። ለሌሊት ሌላ ያስፈልጋል።

ከተማሪዎች ጋር የሠራነው 2 ሜትር በ1 ሜትር፣ ቁመቱ 70 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ማገሩ ባሕር ዛፍ። ሁለት ልጆች ይሸከሙታል። ጎማ አላደረግንለትም፤ የደብረ ሲናን ተዳፋት የሚያውቅ ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ከሥሩ ዙሪያውን 30 ሳንቲ ሜትር ሽቦ ወደ ውጪ መሬት ላይ አንጥፈናል፣ ፋሮ ከጠርዙ ሥር መቆፈር ሲጀምር ሽቦው ላይ ነው የሚያርፈው። መሬቱ ወጣ ገባ በሆነበት ድንጋይ ይወሸቃል። ለሌሊቱ ደግሞ በአራት እግር የቆመ የጣውላ ሳጥን አለ፤ ውስጡ ቆጥ፣ በጣውላዎቹ መካከል ሁለት ጣት የማያስገባ፣ እግሮቹ በቆርቆሮ የተጠቀለሉ፣ ጥፍር እንዲያንሸራትት። ይኸው ነው፤ ቆጡን ከቤት አውጥተን እግር ሰጠነው።

ይህ ለሁሉም ይሆናል ብዬ አልሸጥላችሁም። በ2 ካሬ ሜትር ውስጥ ዶሮ ለቅማ አትጠግብም፣ በበጋ ደግሞ ሣሩም የለም፤ መኖ መግዛት ይመጣል። በየጠዋቱ የሚያንቀሳቅሰው ሰው ይፈልጋል፣ ያ ሰው ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት የሚረፍድበት ልጅ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ቆርቆሮ ከለበሰ ዶሮዎቹን በሙቀት ይገድላቸዋል፤ ግማሹ በሣር ተከድኖ ማንጎ ጥላ ሥር ቢሆን ይሻላል። ፈንግልንም ሳጥን አይከለክልም፣ ክትባት ነው የሚከለክለው።

የሚያዋጣው ለጫጩት ነው። በማዕከላዊ የአገራችን ደጋ የመንደር ዶሮን ያጠኑት እነ ታደለ ደሴ ከተፈለፈሉት ጫጩቶች ከግማሽ በላይ የሚሞቱት ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው መሆኑን አሳይተዋል። በሽታና አዳኝ ተባብረው ማለት ነው። ስለዚህ እናትየዋን ከነጫጩቶቿ ለስምንት ሳምንት ሳጥኑ ውስጥ፣ ከዚያ ወደ ውጪ። ቀጥሎ ሌላዋ ታቃፊ ትገባለች። አንድ ሳጥን በተራ ለሦስት ጎረቤት ይበቃል። እናትየውም አሁን እንደዚያ ነው የያዙት፣ ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር፤ በሐበሻ ዶሮ ነው የጀመሩት፣ ስድስቱን ቄቦች ደግሞ ማታ ማታ ባለ እግሩ ሳጥን ውስጥ ያስገባሉ።

ልኩን ከነሥዕሉ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ማገሩን ስትቆርጡ ግን ትንሽ አስረዝሙት፣ ለእጀታው ትርፍ ያስፈልጋል።